ቤት ውስጥ የጣፈጠው ማሲንቆ ስልክ ላይ ለምን ይጎመዝዛል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። የባሕር ዳር ልጅ ነኝ። አጎቴ ማሲንቆ ይጫወታሉ። ቅዳሜ ማታ ዘመድ ጎረቤቱ ቤታችን ይሰበሰባል፣ እሳቸውም ያለ ማይክ ያለ ስፒከር ይጫወታሉ። ቤት ሆነህ ስትሰማው ልብ ይነካል። በስልኬ ቀርጬ ቴሌግራም ላይ ስለቀው ግን ድምፁ ይታፈናል፣ ሰው ሲያጨበጭብ ይሰነጣጠቃል፣ እሳቸው ዝግ ሲሉ ደግሞ የፍሪጁ ጩኸት ይጎላል። ጥሩ ማይክ ልግዛ? የትስ ብለቀው ይሻላል?
— የማሲንቆ ወዳጅ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ወዳጄ፣ ገንዘብህን ገና አታውጣ። ጥፋቱ የስልክህ ርካሽነት አይደለም። የስልክ ካሜራ ድምፅ ሲቀዳ በዋናነት የሚያስበው ለንግግር ነው። ቤቱ ጸጥ ሲል ድምፁን ራሱ ከፍ ያደርጋል፣ ጭብጨባ ሲመጣ ድንገት ይጫነዋል። ፍሪጁ የጎላብህ ለዚህ ነው። ስለዚህ በካሜራው መቅረጽህን ተውና የድምፅ መጠኑን በእጅህ እንድትወስን የሚፈቅድ የመቅረጫ አፕ ጫን። በዌቭ (ድምፁን ሳይጨምቅ በሚያስቀምጠው የፋይል ዓይነት) ቅዳ፣ የአፑን የጥራት ምርጫ 48 ኪሎኸርዝ፣ አፑና ስልኩ ከቻሉ 24 ቢት አድርገው። ከዚያ ቤቱ በሙሉ እንዲያጨበጭብ ጠይቅና ለካ። የአፑ የድምፅ መለኪያ ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል (-12) አካባቢ ሲደርስ ይብቃው፣ ዜሮን ካለፈ ይሰነጠቃል። አነስ ብሎ የተቀዳ ድምፅ በኋላ ከፍ ይላል፣ የተሰነጠቀ ግን አይጠገንም።

ቀጥሎ ቦታው። ብዙ ሰው ስልኩን ራቅ አድርጎ እንግዳ መሀል ይይዛል፣ ከዚያ ከአጎትህ ይልቅ አጠገቡ ያለው ሰው ሳል ይቀዳል። የማሲንቆ ድምፅ የሚወጣው ከቆዳው ነው፣ ግጥሙ ደግሞ ከአፋቸው። ስልኩን ከፊት ለፊታቸው ከግማሽ ሜትር እስከ 70 ሳንቲ ሜትር አርቀህ ደረታቸው ትክክል አድርገው፣ ሁለቱም ይመጣሉ። ማሲንቆው ድምፃቸውን ከዋጠው ትንሽ ወደ አፋቸው ከፍ አድርግ። ባዶ ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጠው፣ እግር ሲረግጥ ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል። ጋቢ አጣጥፈህ ከሥሩ አንጥፍ። ስልኩንም በረራ ሞድ ላይ አድርገው።

ፍሪጁን ንቀለው። መልሰህ መሰካቱን እንዳትረሳ የስልክህን ቻርጀር ፍሪጁ ውስጥ አስቀምጥ፣ ማታ ስትፈልገው ታስታውሳለህ። የድምፅ ሰዎች የሚያደርጉት ነው።

ሳሎናችሁ ባዶ የሲሚንቶ ግድግዳ ካለው ድምፁ ይንጫጫል። መጋረጃ ዝጋ፣ ከእሳቸው ጀርባ ፍራሽ አቁም። ጭቃ ቤት ካላችሁ እዚያ ግቡ፣ ከብዙ ስቱዲዮ ይሻላል ባይ ነኝ። ክረምት ላይ ቆርቆሮው ሥር አትሞክረው። ጣና ዳር መቅረጽ ካማረህ ደግሞ ማለዳ ሂድ። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሳው ንፋስ ማይኩን ይደበድበዋል፣ ለዚያ ፀጉራም የንፋስ መከላከያ ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ አድርገህ አሁንም ካልረካህ፣ ያኔ ሁለት ማይክ ያለው በእጅ የሚያዝ ትንሽ ሪከርደር ግዛ።

አሁን ያልጠየቅከኝን ልንገርህ፣ ምክንያቱም ከማይኩ ይልቅ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። አጎትህን ጠይቀሃል? ቤት ውስጥ አንዱ "ተቀበል!" ብሎ ግጥም ይሰጣቸዋል፣ እሳቸው ይቀበላሉ፣ ግጥሙ ጎረቤትን በስም ሊነካ ይችላል። ሰሙም ወርቁም ለዚያ ቤት የተባለ ነው። እዚያ ሁሉም ይስቃል። ሰኞ ጠዋት አሥር ሺህ ሰው ሲሰማው ያ ጎረቤት አይስቅም። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት አንድ አዝማሪ ሠርግ ላይ የተጫወቱትን ቀርጬ ሳልጠይቃቸው ለሰው ላክሁ። ከእጅ እጅ ዞሮ፣ ስማቸው ተሰርዞ፣ ሌላ ሰው የራሱን ምልክት ለጥፎበት አገኘሁት። እሳቸው ከዚያ አምስት ሳንቲም አላገኙም። ዛሬም ይቆጨኛል።

ሕጉም ከእሳቸው ጋር ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኙ (ለተጫዋቹ) መብት ይሰጣል፣ ያለ ፈቃዱ ጨዋታውን ቀርጾ ማሰራጨት አይቻልም። ስለዚህ ከመልቀቅህ በፊት አብራችሁ ተቀምጣችሁ ስሙት። "ይቺን ቁረጥ" ካሉህ ቁረጥ። ስማቸውን፣ መሣሪያውን፣ ቅኝቱን፣ ቦታውን፣ ቀኑን ጻፍ። ትዝታ ይሁን ባቲ፣ አምባሰል ይሁን አንቺሆዬ፣ እሳቸው ያውቁታል። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ከመቶ ዓመት በፊት ጀርመን ሀገር በሸክላ ያስቀረጹትን ዛሬ የማን ድምፅ እንደሆነ አውቀን የምንሰማው ስማቸው አብሮ ስለተቀመጠ ነው።

የት ልልቀቅ ላልከው፣ ቴሌግራም ላይ ከላክህ በቪዲዮ ሳይሆን በፋይል ላክ። ቪዲዮ አድርገህ ስትልክ ይጨመቃል፣ ፋይል ግን እንዳለ ይደርሳል። በስቴሪዮ (ግራና ቀኝ ተለይቶ) የተቀዳ የአንድ ሰዓት ዌቭ 1 ጊጋባይት ገደማ ስለሚይዝ መጀመሪያ ወደ ፍላክ ቀይረው፣ ከድምፁ ምንም ሳይቀንስ መጠኑን ግማሽ ያህል ያደርገዋል። ኤምፒስሪ ግን ይቀንሳል፣ አንዴ ከቀነሰም አይመለስም። ዩቲዩብ ላይ ለማድመቅ ብለህ ድምፁን ጨፍልቀህ አታስጩኸው። ዩቲዩብ ከልክ በላይ የጮኸውን ራሱ ዝቅ ስለሚያደርግ የሚቀርህ የተጨፈለቀው ማሲንቆ ብቻ ነው። ዋናውን ዌቭ ደግሞ በሁለት ቦታ አስቀምጥ።

አሜሪካ ውስጥ ግሬትፉል ዴድ የሚባለው ባንድ በ1984 እ.ኤ.አ. ኮንሰርቱን ለሚቀርጹ አድናቂዎች የተለየ መቀመጫ ሰጥቷቸው ነበር። መቅረጽ ይቻላል፣ መሸጥ ግን አይቻልም፣ ስምምነቱ ይሄ ነበር። ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ኢንተርኔት አርካይቭ የእንዲህ ዓይነት ቅጂዎች ክምችት አለው፣ ፈቃድ የሰጡ ባንዶች ብቻ የሚገቡበት። አንተም ከአጎትህ ጋር እንዲህ ተስማማ፣ በቃል ሳይሆን በወረቀት። ገቢ ከመጣም የማን እንደሆነ አሁኑኑ ጻፉት።

ጥያቄ፦ አክስቴ በገና ይደረድራሉ። ዘጌ ቤታቸው ሄጄ ቀረጽኳቸው፣ ደስ ብሏቸዋል። ግን ድምፁ ውስጥ የሚርገበገብ "ዝዝዝ" የሚል ነገር አለ። ጩኸት ማጥፊያ አፕ ስጠቀም በገናው ክራር መሰለ። ምን ላድርግ?
— ከዘጌ

መልስ፦ እህቴ፣ እባክሽ አትንኪው! ያ ጩኸት አይደለም፣ የበገናው ነፍስ ነው። አሥሩ አውታሮች ከድልድዩ (ደግፎ ከሚይዛቸው እንጨት) ጋር በሚገናኙበት እንዚራ የሚባል ትንሽ ቆዳ አለ፣ አውታሩ እሱን እየነካ ሲርገበገብ ነው ያ ድምፅ የሚወጣው። አፑ ማሽን መስሎት ነው የቆረጠው። ያልተነካው ቅጂ ካለሽ እሱን ልቀቂው። ከሌለሽ ተመለሺና አክስትሽን እንደገና ቅረጪያቸው፣ ከበገናው ሳጥን ፊት ለፊት ግማሽ ሜትር ሆነሽ፣ በሩን ዘግተሽ። በገና ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፣ የአክስትሽም ድምፅ እንደዚያው ይሆናል፣ ስለዚህ ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዝም ይበል። መጨረሻ ላይም ቶሎ አታቁሚው። አውታሩ ንዝረቱን እስኪጨርስ ጠብቂ።