ሰፈር ለሰፈር አታጋጥሟቸው

ጥያቄ፦ ኮዬ ፈጬ ነው የምኖረው። የኮንዶሚኒየሙና የነባሩ ሰፈር ልጆች ኳስ በተጫወቱ ቁጥር ይደባደባሉ። ብርም የለን፣ ምን ይሻላል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ሰፈር ለሰፈር ማጋጠሙን ተዉትና ቀላቅላችሁ አቧድኗቸው። በኮሎምቢያዋ ሜዴሊን፣ የኮሎምቢያ ብሔራዊ ቡድን ተከላካይ የነበረው አንድሬስ ኤስኮባር በ1994 እ.ኤ.አ. ከተገደለ በኋላ የተጀመረ ግሩም አጨዋወት አለ፤ ዳኛ የለም፣ ልጆቹ ሕጉን ራሳቸው ይስማሙበታል፣ ሲያበቃ ክብ ሠርተው ቁጭ ብለው ማን ሕጉን እንዳከበረ እየተነጋገሩ ነጥብ ይሰጣጣሉ፣ የመጀመሪያውን ጎል ደግሞ ሴት ልጅ ነበረች የምታገባው። ለጎሉ ድንጋይ ይበቃል። ማሊያ ከሌለ አንዱ ቡድን ልብሱን ገልብጦ ይልበስ። ውይይቱን ግን አደራ እንዳትዘሉት! ኦሮምኛም አማርኛም የሚችል ልጅ መሀል ላይ ይቀመጥ።