ለገጣጣሚው ቀረጥ ተነሣለት፣ መኪናው ለምን አልረከሰም?

ወንድሜ፣ «ተበታትኖ ለሚመጣ መኪና ቀረጥ ከተነሣ፣ እዚህ የተገጣጠመው ዋጋው ለምን ውጭ ተሠርቶ አልቆ ከሚገባው ጋር ይቀራረባል?» ብለህ ጠይቀሃል። መገጣጠሚያ ውስጥ ለዓመታት ስለሠራሁ ያየሁትን ልንገርህ።

በ2014 ዓ.ም. በወጣው የኤሌክትሪክ መኪና ቀረጥ፣ አልቆለት የሚገባው 15 በመቶ ይከፍላል። በከፊል የተገጣጠመው 5፣ ሙሉ በሙሉ የተበታተነው ዜሮ። ብልጫው ትልቅ ይመስላል። ግን ያቺ 15 በመቶ ቶሎ ታልቃለች።

እኛ ጋ ቦዲው ቀለም ተቀብቶ ነበር የሚመጣው። ጎማ፣ ወንበር፣ ዳሽቦርድ እንገጥማለን፤ ፍሬን እንፈትሻለን። የመኪናው አብዛኛው ዋጋ ግን ቀድሞ በዶላር ተከፍሏል። ኤልሲ፣ ማለትም ባንክ ለውጭው ሻጭ የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና፣ እስኪከፈት መጠበቅ አለ። ኮንቴይነሩ ደርሶም አንድ ካርቶን ብሎን ከጎደለ መስመሩ ቀጥ ይላል። ደመወዙ፣ የመጋዘን ኪራዩ፣ የጄኔሬተሩ ነዳጅ ግን አይቆምም። ሁሉም በጥቂት መኪኖች ላይ ይከፋፈላል። ቀብድ የከፈለው ደንበኛ ደግሞ በር ላይ ይጮኻል፤ አልፈርድበትም።

ድጋፉ ይቅር አልልም። ችግሩ መገጣጠምን ብቻ መሸለሙ ነው። ደቡብ ኮሪያ እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጣችው ዕቅድ፣ ድርጅቶቹ የራሳቸውን ትንሽ መኪና እንዲሠሩና ዕቃውንም አገር ውስጥ እንዲያመርቱ ወጥራ ያዘቻቸው። ሂዩንዳይ ፖኒ የተባለችውን ትንሽ መኪናውን በ1975 ማምረት ጀመረ፤ በዓመቱ ወደ ኢኳዶር ላከ። ሞተሩ የሚትሱቢሺ ነበር፤ ምንም አይደል። የውጭ መኪና ግን እስከ 1987 ተዘግቶባቸው ነበር፤ ሒሳቡን የከፈለው የኮሪያ ገዢ ነው።

እኛም በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ገዢው ወደ ኤሌክትሪክ ተገፍቷል። ስለዚህ ገበያ የለም ማለት አይቻልም። እኔ ብሆን ዜሮ ቀረጡን በጊዜ ገደብ አስረዋለሁ። መጀመሪያ ወንበሩና የሽቦው ሥራ እዚህ ይሠራ፤ ቀጥሎ ፕላስቲኩ። ባትሪው ይቆይ፣ እሱ ገና ነው። ያላደረገ ወደ 5 በመቶው ይመለስ።

አሁን ለመግዛት ካሰብክ ግን የባትሪውን ዋስትና ማን እንደሚሸፍን፣ የውጭው ፋብሪካ ይሁን ገጣጣሚው፣ ውሉ ላይ አስጽፍ። የፊት መስታወትና ፓራውልት አለን ካሉህም በቃል አትመናቸው፤ መጋዘኑን አሳዩኝ በላቸው።