ታፔላዎቹም ይሰቀሉ

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ የአምዱ አዘጋጆች? የምጽፍላችሁ ከሐዋሳ ነው። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሠዓሊ ነበር። ለእንጀራው ታፔላ ይጽፋል፣ ማታ ማታ ደግሞ ለራሱ ይስላል፤ ሐይቁን፣ ዓሣ አጥማጆቹን፣ የሰፈሩን ሰው። ሙት ዓመቱ እየደረሰ ስለሆነ ድግሱን ቀነስ አድርገን ሥራዎቹን በኤግዚቢሽን ለማሳየት ተስማምተናል። ታላቅ ወንድሜ ግን ታፔላዎቹ አይግቡ ባይ ነው፤ «አባዬን ያሳንሱታል» ይላል። ሌላው፣ ብዙዎቹ ሥዕሎች ሰው እጅ ናቸው፣ ፊርማም ዓመትም የሌላቸው አሉ። አንዱ ምግብ ቤት ተሰቅሎ ጭስ ጠጥቷል፤ በዳቦ ፍርፋሪ አሽተሽ አጽጂው ብለውኛል። ሌላውን የገዛው ሰውዬ ደግሞ ፖስትካርድ አሳትሜ በዕለቱ ልሽጥ እያለ ነው። ምን ትሉኛላችሁ?
የሠዓሊው ልጅ

መልስ፦ ነፍስ ይማር፣ እግዜር ያጽናችሁ። ከወንድምሽ እንጀምር፣ ዋናው ጉዳይ እሱ ነውና።

ታፔላዎቹ ይግቡ። እንዲያውም ከበሩ ጀምሮ ይሰቀሉ። የአባትሽን ሸራ ያየው ስንት ሰው ነው? ቤተሰብ፣ ጥቂት ወዳጅና የገዛው ሰው። ታፔላቸውን ግን ፀጉሩን ሊቆረጥ የሄደ፣ ሥጋ የገዛ፣ ፎቶ የተነሣ ሁሉ ሲያየው ኖሯል፣ ማን እንደጻፈው እንኳን ሳይጠይቅ። ባነርና ስቲከር ሳይመጣ በፊት የከተሞቻችን መልክ በእነዚህ ሰዎች ብሩሽ የተሠራ ነው፤ አሁን አንድ በአንድ እየወረደ ላሜራው ለአጥርና ለዶሮ ቤት እየዋለ ነው። ወንድምሽን አንድ ታፔላ አጠገብ አቁሚውና ቀረብ ብሎ ይይ። ከፊደሎቹ ግርጌ ብዙ ጊዜ በእርሳስ የተሰመረች ቀጭን መስመር ትገኛለች፣ የ«ጠ» ሦስት እግሮች እኩል እንዲያርፉ። ከፊደሉ ጎን የተጣለችው ጥላም ሁልጊዜ በአንድ በኩል ናት። ይሄ እጅ ነው ማታ ሸራ ላይ የሚሠራው። ሁለቱን ጎን ለጎን ስቀሉና ተመልካቹ ራሱ ይፍረድ።

ታፔላ ዓመት ለመገመትም ይጠቅማል። ስልክ ቁጥሩ ስድስት አሃዝ ብቻ ከሆነ ከ1998 ዓ.ም. በፊት የተጻፈ ሳይሆን አይቀርም፤ ያኔ ነው ቁጥሮቻችን ወደ አሥር አሃዝ የተቀየሩት። ሥዕሎቹ ላይ ግን እርግጠኛ ያልሆንሽበትን ዓመት አትጻፊ፣ «ያልተፈረመ» ብለሽ እለፊው። አደራ፣ ማንም በአባትሽ ስም እንዳይፈርምበት! ለማሳመር ብለው የሚያደርጉ አሉ፤ ዛሬ የገባች የሐሰት ፊርማ ነገ እውነተኞቹንም ታስጠረጥራለች። ዓመት ስትጽፊ ደግሞ ዓ.ም. ይሁን እ.ኤ.አ. ለይተሽ አስቀምጪ፣ የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት ቀላል አይደለም።

ሰው እጅ ያሉትን ለመሰብሰብ አሁኑኑ ተነሡ። ገብረ ክርስቶስ ደስታን የሚያህል ሠዓሊ እንኳ በ1973 ዓ.ም. አሜሪካ በስደት ሲያርፍ ጀርመን የቀሩ ሥራዎቹ አገራቸው እስኪገቡ ዓመታት ፈጅቷል። እናንተ ብዙውን በአንድ ባጃጅ ዞራችሁ ትጨርሱታላችሁ። ከመውሰዳችሁ በፊት ፊቱንም ጀርባውንም በስልክ ፎቶ አንሡ፣ ጭረት ካለው መዝግቡ፣ የመመለሻውን ቀን ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙ። የጎረቤት ነው ብሎ በቃል መረካከብ በኋላ ያቀያይማል። ከፍሬም የወጣ ሸራ መጠቅለል ግድ ከሆነ ቀለሙ ወደ ውጭ ይሁን፣ ወፈር ባለ ቱቦ ላይ። ወደ ውስጥ ከጠቀለላችሁት ቀለሙ ይጨማደድና ይሰነጠቃል።

ዳቦውን ተዪው። ፍርፋሪው ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ነፍሳትና ሻጋታ ይጠራል። ቀለሙ የማይነሣ ከሆነ አቧራውን ለስላሳና ደረቅ ብሩሽ ይበቃዋል፤ ቅባትና ጭሱ ግን የጥገና ባለሙያ ሥራ ነው። ባለሙያ እስክታገኙ እንዳለ ስቀሉት፣ ጭሱም የሥዕሉ ታሪክ ነው።

አዳራሽ ስትመርጡ መስኮቱን እዩ። ሐይቁ ከከተማችሁ በስተምዕራብ ስለሆነ በዚያ በኩል ባለ መስኮት ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ቀጥ ብላ ትገባለች። እዚያ ግድግዳ ላይ በተለይ ወረቀት ላይ የተሠራ ነገር እንዳትሰቅሉ።

ፖስትካርዱን በተመለከተ፦ ሰውዬው ሥዕሉን ገዛ እንጂ የማባዛት መብቱን አልገዛም፣ በጽሑፍ ተሰጥቶት ካልሆነ በስተቀር። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ይህ መብት ወደ ወራሾች ያልፋል፣ ሠዓሊው ካረፈ በኋላም 50 ዓመት ይቆያል። ስለዚህ ያለ እናንተ ፈቃድ አያሳትምም። ግን አትጣሉ፣ ሥዕሉን የምትዋሱት ከሱው ነው! ስንት ኮፒ እንደሚታተም፣ ገቢው እንዴት እንደሚካፈል፣ የአባትሽ ስም ከጀርባው እንደሚጻፍ ተዋዋሉና ያሳትም።

ቀኑን ስትቆርጡ ጻፊልን፣ እዚሁ አምድ ላይ እናወጣዋለን።