«ባሌ ግሸን አትሄጂም አለኝ»

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የምጽፍልዎ ከኮምቦልቻ ነው። አሁንስ በቃኝ።

ተማሪ ሳለን ደሴ ፍልሰታን አብረን ሱባኤ የምንገባ ልጆች ነበርን። ነሐሴ 1 ስንቃችንን ይዘን ቤተ ክርስቲያን ግቢ እንገባለን፣ እስከ 16 እዚያው ነን። ከዚያ በማርያም ስም ጽዋ ጀመርን። በኋላ ትዳርና ሥራ በታተነን። አዲስ አበባ የገባ አለ፣ ባሕር ዳር የቀረ አለ፣ አረብ አገር የሄደችም አለች። ታዲያ ዘንድሮ ሁላችንም ተሰባስበን መስከረም 21ን ግሸን እናክብር ተባለ።

ባሌ እምቢ አለ። «እዚህ ማርያም የለችም?» ይለኛል። እሱ ለጓደኛው ሠርግ ሐዋሳ ድረስ ሲሄድ እኔ ምን አልኩ? ወንድሙ ሲመጣ ሳምንት ሙሉ ማን አስተናገደ? ለመዋጮው 6,000 ብር ስጠኝ ስለው «ለጸሎት ነው ለሠርግ?» ብሎ ሳቀብኝ። መኪናው ኮንትራት ነው፣ ሆቴል አለ፣ ጥለቱ አንድ ዓይነት የሆነ ቀሚስም አሰፍተናል። ገንዘቡ በዛ ያለ ነው፣ አውቃለሁ። ደሴ ያለችው አንዷ እህታችን አልችልም ስላለች ስሟ አልገባም። ልብስ እያጠበች ነው የምትኖረው፣ እንዳናስጨንቃት ብለን ተውናት። ያኔ በሶውን በጥብጣ የምታቀርብልን እሷ ነበረች፣ በጣም ደግ ልጅ ናት። ብቻ ባሌ ድሮ እንዲህ አልነበረም። መንገዱ ሰላም አይደለም እያለም ያስፈራራኛል። ሰበብ ፈልጎ ነው።

የምጠይቅዎ ይህን ነው። ከሱቄ የቆጠብኩት ገንዘብ አለኝ። ደሴ ያለችውን አክስቴን ልጠይቅ ነው ብዬው ብወጣ ማርያም ትቀየመኛለች?

ወለተ ማርያም፣ ከኮምቦልቻ

መልስ

ወለተ ማርያም፣ አብሽሪ። ዋሽተሽ ግሸን አትውጪ። ይህን ራስሽም ታውቂዋለሽ፣ ባታውቂው አትጠይቂኝም ነበር። መሄድሽን ግን እደግፋለሁ። እሱ ለሠርግ ሐዋሳ ከሄደ አንቺ ለማርያም አምባሰል የማትሄጂበት ምክንያት የለም። ሳቁንም አልወደድኩለትም። የመንገዱን ነገር ግን ሰበብ አትበይው። በዚህ ጊዜ ሚስቱ ራቅ ብላ ስትሄድ የሚሰጋ ባል ልክ ነው።

እኔን የያዘኝ ሌላ ነው። «እንዳናስጨንቃት ብለን ተውናት» አልሽ። ስለ ባልሽ ያን ሁሉ ጽፈሽ እሷን በሦስት መስመር አለፍሻት። ለመሆኑ ማን ጠየቃት? አልችልም ያለችው 6,000 ብሩን ነው። እናንተን ማየት አልፈልግም አላለችም።

ፍልሰታን አብራችሁ ያሳለፋችሁ ሰዎች ናችሁ። ውዳሴ ማርያም ሲተረጎም ሰምታችሁ፣ አስቀድሳችሁ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ያው በሶና ጥሬ ነው። የሀብታሙም የድሃውም ልጅ አንድ ዓይነት ይቀምሳል። ያፋቀራችሁ እሱ ነው። አሁን ቀሚስ አሰፍታችሁ ያንን ጊዜ ፍለጋ ልትወጡ ነው፤ በሶውን የበጠበጠችላችሁ ልጅ ግን ሰው ደጅ ልብስ ታጥባለች። ተናድጃለሁ፣ አልደብቅሽም።

ቅዱስ ጳውሎስ የቆሮንቶስን ሰዎች የተቆጣው በዚሁ ነገር ነው። በአንደኛው መልእክቱ ምዕራፍ 11 ላይ አንብቢው። አብረው ተሰብስበው አንዱ ሲጠግብ ሌላው ይራብ ነበር፣ የሌላቸውን ታሳፍራላችሁን አላቸው። የምትሄዱበትም ቦታ ግሸን ነው። በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ግማደ መስቀሉ ያረፈበት አምባ ነው። ስንቱ ምእመን በእግሩ መጥቶ፣ ስንቁን ተሸክሞ፣ ሜዳ ላይ አድሮ ያነግሣል። ሆቴል የግድ ያለው ማን ነው?

አሁን የማዝሽን ስሚ። ለባልሽ እህቴን ልጠይቅ ነው በይው፣ ይኼኛው እውነት ነው። ቡናና ስኳር ገዝተሽ ሚኒባስ ያዢ፣ ሐረጎን ወጥተሽ ደሴ ቤቷ ግቢ። ስለ ጉዞው ለማውራት አትቸኩዪ፣ መጀመሪያ ኑሮዋን ጠይቂያት። ስትመለሺ ለማኅበሩ ሙሴ፣ ለሰብሳቢያችሁ ማለቴ ነው፣ ደውዪ። ሆቴሉ ይቅር፣ ቀሚሱን ለሌላ በዓል እንለብሰዋለን፣ መዋጮው ለመኪና ብቻ ይሁን፣ የእሷን እኛ እንካፈላለን በዪው። የቀን ገቢዋንም አስቡበት። ልብስ የምታጥብ ሴት ሁለት ቀን ከሥራ ስትቀር ቤቷ የሚበላው ይጎድላል። የሚያኮርፍ ይኖራል። ያኩርፍ።

አዲሱን ሂሳብ ለባልሽ አሳዪው። ልቡ ከፈቀደ እሱም አብሮ ይምጣ። መንገዱን ደግሞ በዓሉ ሲቀርብ ከዚያ አካባቢ ሰው ጠይቃችሁ አረጋግጡ። ካልተመቸ ግሸን ለከርሞ ይቆይ፣ ሁላችሁም ደሴ ተሰብሰቡ። ጽዋው እሷ ቤት ይግባ፣ ወጪውን እናንተ ቻሉ።