ጠብቆ ታስሮም ለምን ይንቀሳቀሳል?

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች አምስቱ የተለያየ ሙያ ካላቸው ሰዎች የመጡ ናቸው፤ ችግራቸው ግን አንድ ነው። በብርሃን የሚለካ ነገር አለ፣ መሣሪያው ደህና ነው፣ ቁጥሩ ግን አልረጋ ብሏል። እንዲህ ሲሆን ሰው መጀመሪያ መሣሪያውን ይጠረጥራል። እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ዕቃው የተያዘበትን መንገድ ነው። ጥያቄዎቹን ትንሽ አሳጥረናቸዋል።

«ቶርኖ ቤት አለኝ። በቅርቡ ያገለገለ ፕሮፋይል ፕሮጀክተር ገዛሁ፤ የዕቃውን ጥላ አጉልቶ ስክሪን ላይ የሚያሳየውን ማለቴ ነው። ስስ የናስ ቀለበት በትንሽ ሞርሳ አስሬ ስለካ አንድ ቁጥር ይሰጠኛል፣ ፈትቼ መልሼ ሳስረው ሌላ። እንዳይንቀሳቀስ ብዬ ሳጠብቀው ደግሞ ይብስበታል። ተሸውጄ ይሆን?» (ከአዳማ)

አልተሸወዱም፣ ጌታዬ። እንዲያውም ማሽኑ እውነቱን እየነገረዎት ነው። ስስ ቀለበት በሞርሳ ሲጨመቅ ሞላላ ይሆናል። በዓይን አይታይም፣ ፕሮጀክተሩ ግን ያየዋል፤ የገዙትም ለዚሁ ነው። ባጠበቁት ቁጥር ሞላላነቱ ይጨምራል፣ ቁጥሩም አብሮ ይሄዳል።

አጥብቆ ማሰር የቶርኖ ልማድ ነው፣ እዚያም ትክክል ነው፤ ቢላው ዕቃውን ስለሚገፋ ኃይል ያስፈልጋል። ብርሃን ግን ዕቃዎን አይገፋም። ስለዚህ የሚፈለገው ክብደቱን መሸከምና ቦታውን መወሰን ብቻ ነው፣ ከዚያ ያለፈው ሁሉ ዕቃውን ማጉበጥ ነው።

ማንኛውም ጠጣር ነገር የሚንቀሳቀስባቸው መንገዶች 6 ናቸው፦ ግራና ቀኝ፣ ፊትና ኋላ፣ ላይና ታች፣ ከዚያ ደግሞ በእነዚሁ ሦስት መስመሮች ዙሪያ መዞር። ስድስቱን ለመዝጋት በትክክል የተቀመጡ 6 የመነኪያ ነጥቦች ይበቃሉ። ሰባተኛ ሲጨመር ነጥቦቹ እርስ በርስ ይጣላሉ፤ ወይ ዕቃው ይወዛወዛል፣ ወይ ታስሮ ይጎብጣል። ድስት በሦስት ጉልቻ የሚጣደው ለዚህ ነው፤ መሬቱ ምንም ያህል ወጣ ገባ ቢሆን ሦስቱም ይነኩታል፣ አራተኛ ቢጨመር ግን አንዱ ሁልጊዜ ሥራ ፈት ነው።

ይህን ሐሳብ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለመሣሪያ ሥራ ካዋሉት መካከል የፊዚክስ ሊቃውንቱ ሎርድ ኬልቪንና ጄምስ ክላርክ ማክስዌል ይገኙበታል። የማክስዌል ዓይነቱ ለእርስዎ ቤት የሚሆን ነው። ከላይኛው ሳህን ሥር ሦስት የብረት ብይ ይጣበቃል። ታችኛው ሳህን ላይ ደግሞ ወደ መሐል የሚያመለክቱ ሦስት የቪ ቅርጽ ቦዮች ይቆፈራሉ። እያንዳንዱ ብይ ቦዩን በሁለት ነጥብ ይነካል፣ ድምሩ 6። ላይኛውን አንስተው መልሰው ቢያስቀምጡት፣ ንጹሕ እስከሆነ ድረስ፣ በጥቂት ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ) ውስጥ ቦታው ላይ ይገኛል፤ ማንም ብሎን ሳያጠብቅ፣ በራሱ ክብደት ብቻ። ፍሬዛ ካለዎት ቦዮቹ ቀላል ናቸው፣ ብዮቹን ከአሮጌ ኩሽኔታ ማውጣት ይቻላል።

ለቀለበቱ ግን ይህም አያስፈልግም። ማሽንዎ ብርሃኑ ከታች የሚመጣበት ዓይነት ከሆነ መስታወቱ ላይ በጠፍጣፋው ያስተኙትና ይተዉት። ከጎን የሚመጣበት ከሆነ ቪ ብሎክ ላይ አስቀምጠው ከላይ በደካማ ስፕሪንግ ይደግፉት። ሌላም ነገር አለ፦ ማዘንበል። 50 ሚሊሜትር የሆነ ዕቃ ከብርሃኑ አንጻር 2 ዲግሪ ቢያዘነብል ጥላው 30 ማይክሮን ያህል ያጥራል። ሞርሳ ደግሞ የሚወደው ነገር ቢኖር ሲጠብቅ ዕቃውን ትንሽ ብድግ ማድረግ ነው። እጅዎም ያሞቀዋል፤ 50 ሚሊሜትር ብረት በ5 ዲግሪ ሲሞቅ 3 ማይክሮን ገደማ ይረዝማል፣ አሉሚኒየም ደግሞ የዚህ እጥፍ። የዓለም የልኬት ስምምነት 20 ዲግሪን መነሻ ያደረገው በከንቱ አይደለም። ዕቃውን አስቀምጠው ሻይ ጠጥተው ይመለሱ።

«የፊዚክስ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ሥራዬ የማይክልሰን ኢንተርፌሮሜትር ጠረጴዛ ላይ ዘርግቻለሁ፤ አንዱን ጨረር ለሁለት ከፍሎ፣ በሁለት መስታወት መልሶ የሚያገናኘውን ማለቴ ነው፣ ሌዘሩ ቀዩ የሂሊየም ኒዮን ነው። ብሩህና ጥቁር መስመሮቹ ይወጣሉ፣ ግን አይቆሙልኝም። መንገዱ ላይ ሲኖ ባለፈ ቁጥር ጭራሽ ይጠፋሉ። ክፍላችን 3ኛ ፎቅ ነው፤ የንዝረት መከላከያ ጠረጴዛ ለመግዛት በጀት የለም። ምን ላድርግ?»

አይዞሽ እህቴ፣ ማይክልሰን ራሱ በዚሁ ተማሯል። በ1881 (እ.ኤ.አ.) በርሊን ውስጥ መሣሪያውን ሲዘረጋ የከተማው ትራፊክ ሥራ ከለከለው፤ መስመሮቹ ትንሽ ፋታ የሚሰጡት ከእኩለ ሌሊት በኋላ ብቻ ነበር፣ ያውም አልፎ አልፎ። ስለዚህ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ፖትስዳም የኮከብ መመልከቻ ሄደ። እዚያም ቢሆን 100 ሜትር ያህል ርቀት ላይ አንድ ሰው ንጣፉን በእግሩ ቢረግጥ መስመሮቹ ድርግም ይሉ እንደነበር ጽፏል። በ1887 ክሊቭላንድ ውስጥ ከባልደረባው ከሞርሊ ጋር ሲደግመው መስታወቶቹን ሁሉ ጎኑ 1.5 ሜትር፣ ውፍረቱ 30 ሴንቲሜትር የሆነ ድንጋይ ላይ ተክሎ ድንጋዩን በሜርኩሪ ላይ አንሳፈፈው። ሜርኩሪውን እርሺው፣ ትነቱ መርዝ ነው። ድንጋዩን ግን አትርሺ።

ነገሩ ለምን እንዲህ ስስ እንደሆነ ታውቂዋለሽ። የሌዘርሽ የሞገድ ርዝመት 632.8 ናኖሜትር ነው። አንዱ መስታወት የዚህን ግማሽ፣ 316 ናኖሜትር ቢገፋ፣ መስመሮቹ አንድ ሙሉ እርምጃ ይሄዳሉ።

መጀመሪያ ለይተሽ እዪ። መስመሮቹ በፍጥነት ይንቀጠቀጣሉ ወይስ ቀስ ብለው ይፈሳሉ? የሚንቀጠቀጡ ከሆነ ንዝረት ነው፣ የሚፈሱ ከሆነ ሙቀትና አየር። መድኃኒታቸው ለየቅል ነው፣ አንዱን ለሌላው ብታደርጊ ጊዜሽን ትጨርሻለሽ።

ለንዝረቱ ነጻው መፍትሔ ምድር ቤት መውረድ ነው። አስተማሪሽን ለምኚ፣ ማንም የማይፈልገው ዕቃ ቤት ቢሆንም ይሻላል። ቀጥሎ እብነ በረድ ቆራጮች ዘንድ ሄደሽ የተረፈ ወፍራም የግራናይት ቁራጭ ፈልጊ። ከሥሩ የባጃጅ ወይም የጋሪ ካላማዳሪ በጥቂቱ ነፍተሽ አስገቢ፣ ድንጋዩ መሬት ሳይነካ እንዲንሳፈፍ ብቻ። ድርቅ እስኪል ከነፋሽው ጥቅም የለውም። ከባድ ነገር በለስላሳ ነገር ላይ ሲቀመጥ የራሱ ቀርፋፋ መወዛወዝ ይኖረዋል፤ ከዚያ መወዛወዝ 1.4 እጥፍ በላይ ፈጣን የሆነ ንዝረት ብቻ ነው የሚቀነሰው። ከሥሩ ያለው ስፕሪንግ በድንጋዩ ክብደት 1 ሴንቲሜትር ቢረግብ መወዛወዙ በሰከንድ 5 ጊዜ ይሆናል፤ 4 ሴንቲሜትር ቢረግብ 2.5 ጊዜ። የመኪናው ንዝረት ብዙውን ጊዜ ከ10 በላይ ስለሆነ ይህ ይበቃሻል። ስስ ስፖንጅ አንጥፎ መጠበቅ ግን ሲያሰኘው ንዝረቱን ያባብሰዋል።

አሁን ብዙ ተማሪ የሚዘነጋው ነገር ይመጣል። ድንጋዩ ቢወዛወዝም ግድ የለም፣ መስታወቶቹ አብረው እስከተወዛወዙ ድረስ። ችግር የሚሆነው አንዱ ከሌላው ሲለይ ነው። ስለዚህ ሁለቱ መስታወቶችና ጨረር ከፋዩ የግድ አንድ ድንጋይ ላይ ይሁኑ። ቦታ ካጠረሽ ሌዘሩ ውጪ ቢቆም ይቻላል። መስታወቶቹን የተሸከሙት ዘንጎች ደግሞ አጭርና ወፍራም ይሁኑ። የዘንጉን ቁመት በግማሽ ብታሳጥሪ 8 እጥፍ ይጠነክራል፣ ውፍረቱን እጥፍ ብታደርጊ 16 እጥፍ። በስዕል ላይ ሁሉም ነገር 20 ሴንቲሜትር ከፍታ ላይ ያምራል፣ በተግባር 5 ሴንቲሜትር ይሻላል። የኤሌክትሪክ ሽቦዎቹን አላልተሽ ተያቸው፣ የተወጠረ ሽቦ የክፍሉን ንዝረት ቀጥ አድርጎ ድንጋዩ ላይ ያመጣል። ላፕቶፕሽም ከነማራገቢያው ሌላ ጠረጴዛ ላይ።

ለሚፈሱት መስመሮች ካርቶን ይበቃል። አየር በ1 ዲግሪ ሲሞቅ ብርሃን የሚጓዝበት ፍጥነት በሚሊዮን አንድ ያህል ይቀየራል፤ የመሣሪያሽ ክንድ፣ ማለትም ከጨረር ከፋዩ እስከ መስታወቱ ያለው ርቀት፣ 20 ሴንቲሜትር ከሆነ ብርሃኑ ሄዶ ሲመለስ ይህ ብቻውን መስመሮቹን በግማሽ እርምጃ ገደማ ይገፋል። ሁሉንም በሣጥን ሸፍኚ፣ ብሎን ከነካሽ በኋላም ጥቂት ቆይተሽ ለኪ፤ ጣትሽም ምድጃ ነው።

የሚገርመው፣ በዓለም ላይ ከሁሉ የረቀቀው የዚህ መሣሪያ ዘመድ መስታወቶቹን በምንም አላሰራቸውም። አሜሪካ ያለው ላይጎ ክንዱ 4 ኪሎሜትር ነው፤ 40 ኪሎ የሚመዝኑት መስታወቶቹ በስስ የመስታወት ክሮች ተንጠልጥለዋል።

«ቀያሽ ነኝ። ጠዋት የያዝኩትን ነጥብ ከሰዓት መልሼ ሳነበው ከ5 እስከ 10 ሚሊሜትር ይለያያል። ቶታል ስቴሽኑ (ማዕዘንና ርቀት የምለካበት መሣሪያ) ለካሊብሬሽን ተልኮ ደህና ነው ተብሎ ተመልሷል። የምሠራበት ጥቁር አፈር ነው።»

ወንድሜ፣ ሦስት ነገር አንድ ላይ የመጣብህ ይመስለኛል። ጥቁር አፈር ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ትራይፖድህን ሰዓታት ሙሉ ቀጥ አድርጎ እንዲይዝልህ አትጠብቅ። እግሮቹን በደንብ ርገጣቸው፣ ካስፈለገም ከሥራቸው ችካል ምታ፣ አንተም እግሩ አጠገብ አትንጎራደድ። ፀሐይ ደግሞ አንዱን እግር ብቻ ስታሞቅ ያ እግር ይረዝማል፤ አሉሚኒየም ከሆነ ይብሳል፣ የእንጨቱ ይሻላል። መሣሪያው 5 የማዕዘን ሰከንድ (አንዱ የዲግሪ 3600ኛ እጅ ነው) ያህል ቢያጋድል 100 ሜትር ላይ 2.4 ሚሊሜትር ነው። ጃንጥላ ያዝለት፣ ለራስህ ሳይሆን ለእሱ። ከመኪና ሲወርድም ወዲያው አታንብብ፤ ከአምራቾች መካከል ለእያንዳንዱ 1 ዲግሪ የሙቀት ልዩነት 2 ደቂቃ ያህል እንዲጠበቅ የሚመክሩ አሉ።

ይህን ሁሉ አድርገህ ልዩነቱ ካልጠፋ ግን ወደ ሌላኛው ጫፍ ተመልከት። ብርሃኑን ወደ መሣሪያው የሚመልሰውን ፕሪዝም የያዘው ማነው? የ2 ሜትር ዘንግ በ8 የማዕዘን ደቂቃ፣ ማለትም ከአንድ ዲግሪ ሰባተኛ እጅ ባነሰ ቢያጋድል፣ አናቱ 5 ሚሊሜትር ገደማ ይሸሻል። ከሰዓት በኋላ የደከመው ረዳትህ እጅ ይህን ያህል ቢያጋድል አይፈረድበትም። ለዘንጉ ሁለት እግር ያለው መደገፊያ ግዛለት፣ ለዋና ነጥቦች ደግሞ ፕሪዝሙን ራሱን ትራይፖድ ላይ አድርገው። የመሣሪያው ካሊብሬሽን ስለ ልጁ እጅ የሚናገረው ነገር የለም።

«የ1 ሜትር የመስታወት ስኬል በማይክሮስኮፕ ለማንበብ ሁለት መደገፊያ የት ላድርግለት?»

ከየጫፉ 22 ሴንቲሜትር ገባ ብለህ። እዚያ ሲደገፍ በራሱ ክብደት ጎብጦ ርዝመቱ የሚዛባው በትንሹ ነው። ሁለቱ ጫፎች ትይዩ እንዲሆኑ ከፈለግህ ደግሞ 21.1 ሴንቲሜትር። የቀድሞው የዓለም ሜትር፣ ከፕላቲነምና ከኢሪዲየም የተሠራው ዘንግ፣ በ1927 ትርጉሙ ሲታደስ እንዴት እንደሚደገፍ ጭምር ተጽፎለታል፦ በ571 ሚሊሜትር የተራራቁ ሁለት ክብ ዘንጎች ላይ። አንዱን መደገፊያ ዝም ብሎ የሚንከባለል አድርገው፣ ስኬሉ በሙቀት ሲረዝም መሄጃ ያግኝ።

«መነጽር ቤት እሠራለሁ። ሌንሱን ፍሬሙ ውስጥ ሳይገባ ሌንስሜትር (የሌንስ ኃይል መለኪያ) ላይ ሳነበው ልክ ነው፣ ከገባ በኋላ ግን ሲሊንደር፣ ማለትም በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚጨመር ኃይል፣ ያሳየኛል። ለምን?» (ከሐዋሳ)

ከሁለት አንዱ ነው። አንደኛው ማዘንበል፦ ፍሬሙ ሲኖር ሌንሱ መነኪያው ላይ በደንብ ሳይተኛ ይቀራል። የ6 ዳዮፕተር (የሌንስ ኃይል መለኪያ አሃድ) ሌንስ 10 ዲግሪ ቢያዘነብል የሌለ 0.19 ዳዮፕተር ሲሊንደር ይፈጥራል፣ 15 ዲግሪ ቢሆን 0.43። የፍሬሙ ሁለት የታች ጠርዞች እኩል መደርደሪያውን መንካታቸውን እይ፣ የሌንሱ የኋላ ገጽ መነኪያውን ይንካ፣ ፒኖቹ ይጫኑት፣ በእጅህ አትጫነው።

ሁለተኛው መጨመቅ ነው። ሌንሱ ከልኩ ተልቆ ተቆርጦ ብሎኑ በጉልበት ከገባ ይጎብጣል። ይህን ለማየት መሣሪያ አያሻም። የኮምፒውተር ስክሪን ላይ ነጭ ገጽ ክፈት፣ ፖላራይዝድ የፀሐይ መነጽር አድርገህ ስክሪኑ እስኪጨልምልህ ጭንቅላትህን አዘንብል፣ ከዚያ የደንበኛውን መነጽር መሐል ላይ ያዘው። ጠርዙ አካባቢ፣ በተለይ ብሎኑ ጋ፣ ብርሃን ወይም ቀለም ከታየህ ሌንሱ ተጨምቋል። ፖሊካርቦኔት ሌንስ ግን ሲመረት ጀምሮ ቀለም ስለሚያሳይ በዚህ አትፍረድበት፤ ብሎኑን ሩብ ዙር አላላና ቀለሙ ይለወጥ እንደሆነ ተመልከት። ከተለወጠ ሌንሱን ትንሽ ሞርደህ መልሰው።