በዘራፊ ለተጎዳ ሰው ስቴቱ የሚከፍለው ካሳ፦ ቴክሳስ ውስጥ እኔ ያየሁት

"ባለቤቴ ማታ ራይድ ሲሠራ ተሳፋሪ መስሎ የገባ ሰው ደብድቦ ዘረፈው። ክንዱ ተሰብሯል፣ ዘራፊው አልተያዘም። ሆስፒታሉ 31 ሺህ ዶላር ቢል ላከብን። ስቴቱ ይከፍላል የሚሉ አሉ፣ እውነት ነው? አሳይለም (ጥገኝነት) ገና ዘንድሮ ነው ያገኘነው፤ ግሪን ካርድ ስናመለክት ችግር አያመጣብንም?" ብለሽ የጠየቅሽው እህቴ፣ በቅድሚያ ባለቤትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ።

አዎ፣ እውነት ነው። ዳላስ ነን ስላልሽ በዚሁ በቴክሳስ የደረሰብኝን ልንገርሽ።

የዛሬ አምስት ዓመት ጋዝ ስቴሽን ውስጥ የሌሊት ሺፍት እሠራ ነበር። ሊነጋጋ ሲል አንድ ልጅ ኮፍያውን ዝቅ አድርጎ ገባ። ሽጉጥ አወጣ። ገንዘቡን ቶሎ ሰጠሁት። ሰጥቼውም አልቀረልኝም፣ በሽጉጡ እጀታ መንጋጋዬን አለኝ። ሁለት ጥርሴ ወለቀ፣ መነጽሬ ደቀቀ። አምቡላንስ ውስጥ ሆኜ ፖሊሱ አንዲት ትንሽ ወረቀት አስያዘኝ፣ የኬዝ ቁጥር የተጻፈባት። ደም ነክቷት ነበር። ባለቤቴ ልትጥላት ካለች በኋላ ምን እንደታያት እንጃ፣ መጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ ከተተቻት። በኋላ የካሳው ፎርም መጀመሪያ የጠየቀን ያንኑ ቁጥር ነው።

ስለ ካሳው ስነግራት "ሌባው ሳይያዝ ማን ሊከፍልህ?" አለችኝ። አልፈርድባትም። አገር ቤት ካሳ ሲባል ሽማግሌ ተቀምጦ፣ አጥፊው ወይ ዘመዱ ነው የሚከፍለው። እዚህ የሚከፍለው ፈንድ ነው፤ ቴክሳስ ውስጥ የሚያስተዳድረው የስቴቱ አተርኒ ጄኔራል (ዋና አቃቤ ሕግ) ቢሮ ነው። ገንዘቡ በአብዛኛው የተፈረደባቸው ሰዎች ለፍርድ ቤት ከሚከፍሉት ይጠራቀማል። የፌዴራል መንግሥቱም በ1984 በወጣው ሕግ መሠረት ከወንጀለኞች ቅጣት ካሰባሰበው ይጨምርበታል። ካሊፎርኒያ በ1965 ጀመረችው፣ ቴክሳስ በ1979 ሕጉን አወጣች፣ ዛሬ የሌለው ስቴት የለም። ስለዚህ ዘራፊው ባይያዝም ማመልከት ትችላላችሁ። የኔም እስከ ዛሬ አልተያዘም። ዋናው ለፖሊስ ሪፖርት መደረጉና ፖሊስ ሲፈልገው ባለቤትሽ መተባበሩ ነው።

አሁን ማንም ያልነገረኝን ልንገርሽ። ይሄ ፈንድ ወረፋው መጨረሻ ላይ ነው የሚቆመው። የጤና ኢንሹራንስ ካለ እሱ ይቅደም ይላል። ሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚከፍል ኢንሹራንስ ካለም እሱ ይቅደም። ከዚያ የተረፈውን ነው የሚያየው። እኔ ገና እንዳመለከትኩ የመጣልኝ ደብዳቤ "አሠሪህ የሠራተኛ ጉዳት ኢንሹራንስ አለው ወይ?" የሚል ነበር። ቴክሳስ ውስጥ የግል አሠሪ እሱን እንዲገዛ አይገደድም፣ የኔም አልነበረውም። ግን "የለኝም" ብሎ በወረቀት ይጻፍልኛ! ሐበሻ ነው፣ ፈራ። ዛሬ ነገ እያለ ስድስት ሳምንት በላብኝ። የባለቤትሽን ደግሞ የራይድ አፑ ድርጅት ኢንሹራንስ ይሸፍነዋል ወይ ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። አሁኑኑ በጽሑፍ ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። እኔ "አንከፍልም" የሚል ደብዳቤ በመጣ ቁጥር እየተናደድኩ ቀድጄ እጥል ነበር። ሞኝነት! እነዚህ ደብዳቤዎች ናቸው ፋይሉን የሚያንቀሳቅሱት። አንድ ፖስታ አዘጋጂና ሁሉንም እዚያ ክተቺ።

ምን ይከፍላል? ሕክምና፣ የጥርስ ሕክምናም ጭምር፣ ከሥራ የቀረበት ደሞዝ፣ ካውንስሊንግ። ሰው ከሞተ የቀብር ወጪና የቤተሰቡ መተዳደሪያም አለ። ጣሪያው 50,000 ዶላር ነው፤ ዕድሜ ልክ የሚቆይ ከባድ ጉዳት ሲሆን ይጨምራል። የተወሰደበትን ገንዘብ፣ ስልኩን፣ የተሰበረ የመኪና መስታወት ግን እርሺው። የኔን መነጽር ከፍለዋል። ሆስፒታሉ 31 ሺህ ስላለም 31 ሺህ ይሰጠዋል ማለት አይደለም። ቢሮው በራሱ ተመን ነው የሚከፍለው፣ ሆስፒታሉ ያንን ክፍያ ከተቀበለ ደግሞ ልዩነቱን ካንቺ መጠየቅ አይፈቀድለትም።

ደሞዙ ላይ ተጎድቻለሁ፣ እውነቱን ልናገር። ግማሹን በካሽ ነበር የምቀበለው። የተቆጠረልኝ ወረቀት ላይ ያለው ብቻ ነው። ራይድ የሚሠራ ሰው ታክስ ሪተርኑን ነው የሚያዩት፤ ማይሉና ወጪው ተቀንሶ ቁጥሩ አንሶ ከታየሽ አትደንግጪ።

ማመልከት በነፃ ነው። "ፎርም ልሙላልህ" ብሎ 300 ዶላር የጠየቀኝ የኛ ሰው አለ፣ ስሙን ይቆየን። ፖሊስ ጣቢያውም ሆነ የካውንቲው አቃቤ ሕግ ቢሮ ተጎጂዎችን የሚረዳ ሰው አለው፣ አስተርጓሚ ጠይቂ። እኔን የረዳችኝ ሴትዮ በአንድ ቁጭታ ጨረሰችው። የማመልከቻ ቁጥር እንደደረሳችሁ ሆስፒታሉ ቢሊንግ ክፍል ደውለሽ ስጫቸው፣ ሒሳቡን ያዙልኝ በያቸው። እኔ ይህን ሳላደርግ ቢሉ ኮሌክሽን (ዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት) ገባ፣ ክሬዲቴን ለማስተካከል ዓመት ፈጀብኝ። ካሳው ራሱ የወጣው ካመለከትኩ በሰባተኛው ወር ነው።

ካውንስሊንግ ሲሉኝ "እብድ ነኝ እንዴ?" ብዬ ነበር። ግን የስቶሩ በር ላይ ያለችው ደወል ድምፅ፣ ያቺ ቲን የምትለው፣ ሌላ ሱቅ ውስጥም ስሰማት ያልበኝ ጀመር። አራት ወር ሄድኩ። ለቤተሰብም ይሰጣል፣ ስለዚህ አንቺም መሄድ ትችያለሽ።

ግሪን ካርዱን በተመለከተ፣ ቴክሳስ ውስጥ ይህን ካሳ ለማግኘት ዜግነት መስፈርት አይደለም። መንግሥት ላይ ሸክም ትሆናለህ የሚባለው ፐብሊክ ቻርጅ ደግሞ አሳይለም ያገኘ ሰው ግሪን ካርድ ሲያመለክት በሕጉ ራሱ አይመለከተውም። እኔም በአሳይለም የመጣሁ ነኝ፤ ካሳውን ተቀብዬ ግሪን ካርዴንም ወስጃለሁ።

ቴክሳስ የማመልከቻው ጊዜ ሦስት ዓመት ነው፣ ግን አትጠብቁ። ሌላ ስቴት ያላችሁ የኔን ቁጥሮች አትውሰዱ። ዋሽንግተን ስቴት የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ፣ ዲሲ ፍርድ ቤቱ ነው የሚያየው፤ ጊዜውም ገንዘቡም ይለያያል።

አንድ ነገር ረስቼ። ዶክተሩ "ከሥራ ይረፍ" ብሎ ሲጽፍ ከስንት እስከ ስንት ቀን እንደሆነ ይጻፍበት። የኔ ቀን ስላልነበረው ፋይሉ ተመልሶብኛል። ፎርሙ ላይ የሚያደናግርሽ ካለ ኢንቦክስ አድርጊልኝ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ የለኝም።