ቲዋይ ደሴት ብንሄድ ድንክዬውን ጉማሬ እናያለን?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ለሥራ ሴራሊዮን ፍሪታውን ነው ያለሁት፣ ባለቤቴ ደግሞ ለእረፍት ከአዲስ አበባ ሊመጣልኝ ነው። ሞአ ወንዝ መሀል ያለችው ቲዋይ ደሴት ላይ ድንክዬ ጉማሬ አለ ሲባል ሰማሁና ልወስደው አሰብኩ። ቅዳሜ ሄደን እሁድ ብንመለስ የማየት ዕድል ይኖረናል?

መልስ፦ እህታችን፣ ሂዱ፣ ግን ለጉማሬው ብላችሁ አትሂዱ። እሱ እንደ ጣና ጉማሬዎች በመንጋ ሆኖ ውሃ ላይ የሚታይ አይደለም፣ ብቻውን ነው የሚኖረው፣ የሚንቀሳቀሰውም ማታ ማታ ነው፣ እዛው አካባቢ ተወልደው ያደጉ ሰዎች ራሱ ብዙ ጊዜ የሚያዩት ዱካውን ነው። እሱን ብቻ እያሰባችሁ ከሄዳችሁ ቅር ብሏችሁ ትመለሳላችሁ፣ እኔ ደግሞ ይሄ በጣም ነው የሚያሳዝነኝ ምክንያቱም ቲዋይ የጦጣ አገር ናት! 12 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነች ደን ውስጥ ቺምፓንዚን ጨምሮ 11 የዝንጀሮና የጦጣ ዘመዶች ይኖራሉ፣ በምን ዓለም ላይ ይሄ ይገኛል። የኛ ጉሬዛ ዘመድ የሆነው ቀይ ኮሎበስም እዛው አለ። ቺምፓንዚዎቹ ደግሞ ጠንካራ ፍሬ በድንጋይ እየቀጠቀጡ ይበላሉ፣ እነሱን ማየት ግን ከባድ ነው።

ጠዋት ገና ሲነጋ ከአስጎብኚው ጋር ውጡና ዲያና የምትባለውን ጦጣ ድምፅ ፈልጉ፣ ጥቁር ሆና ደረቷ ነጭ ነው። ንስር ወይ ነብር ስታይ ቶሎ ስለምትጮህ ሌሎቹ ጦጣዎች እሷን ተጠግተው ነው የሚውሉት፣ ስለዚህ እሷን ካገኛችሁ ሌሎቹም ብዙ ጊዜ እዛው ናቸው። ወሬ ቀንሱ፣ አንድ ቦታ ቁሙና ጠብቁ፣ ደን ውስጥ የሚሮጥ ሰው ምንም አያይም።

ለዚህ ነው አንድ ሌሊት አይበቃም የምለው። ከፍሪታውን እስከ ቦ ከተማ መንገዱ አስፋልት ነው፣ ከዛ በኋላ በፖቶሩ በኩል ያለው ግን አቧራና ጉድጓድ ነው፣ ከካምባማ መንደር ደግሞ በጀልባ ትሻገራላችሁ። ቅዳሜ ደክሟችሁ ትደርሳላችሁ፣ እሁድ ጠዋት ሻንጣ ልትይዙ ነው ማለት ነው። ቢያንስ ሁለት ሌሊት እደሩ፣ ሦስት ከሆነማ እሰየው።

ክፍያ ስትጠየቁ አትከራከሩ እባክሽ። ደሴቷ የአካባቢው የባሪና የኮያ ሰዎች መሬት ናት፣ በ1987 እ.ኤ.አ. የዱር እንስሳት መጠለያ እንድትሆን የፈቀዱት እነሱ ናቸው፣ በአገሪቱ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ብዙ እንስሳ ታድኖ አልቆ ነበር፣ ከዛ በኋላ ነው ቀስ እያለ ያገገመው። በ2025 እ.ኤ.አ. ከጎላ ደን ጋር ሆና በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች፣ ለሴራሊዮን የመጀመሪያዋ ነው።

ከኅዳር እስከ መጋቢት ያለው ደረቁ ወቅት ይሻላችኋል፣ ክረምቱ እዛ ከባድ ነው። ባለቤትሽ የቢጫ ወባ ክትባት ካርዱን ሳይዝ እንዳይነሳ፣ የወባ መከላከያ መድኃኒቱንም ከመምጣቱ በፊት ሐኪም አማክሮ ይጀምር።